ሪባኑ ወድቆባት እንዴት አሸነፈች?

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር እነሱ ቤት ምሳ በልቼ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ጋደም ብዬ ነበር። የግንቦት ሙቀት ነው፤ ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅቷ ስልኬን ይዛ መጣች፤ የሪትሚክ ጂምናስቲክ ውድድር ቪዲዮ ከፍታለች፣ አንዲት ልጅ ረጅም ሪባን እያውለበለበች።

"አክስቴ፣ እዪያትማ። ሪባኑ ወደቀባት አይደል?"

አየሁላት። ወድቆባታል።

"ታዲያ እንዴት አንደኛ ወጣች?"

"ሌሎቹም ስተው ይሆናላ" ብዬ ልገላገል ነበር። አልሆነም። ይህቺ ልጅ የስጦታ መጠቅለያ ሪባን ከታይዋን ገበያ አስገዝታ፣ እንጨት ጫፍ ላይ አስራ፣ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስታውለበልብ ነው የምትውለው። የተድበሰበሰ መልስ አይዋጥላትም። እኔ ደግሞ ይህን ስፖርት ኦሎምፒክ በመጣ ቁጥር ሰው እየሳቀብኝም ቢሆን ቁጭ ብዬ የማይ ነኝ። ስለዚህ ተነስቼ ማስረዳት ጀመርኩ። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ ከቶኪዮ ወደ ሞስኮ፣ ከሞስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰደን። ያወራነውን ትንሽ አስተካክዬ እነሆ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ጂምናስቲክ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ያ በብረት ላይ የሚሽከረከሩበት፣ በጠባብ እንጨት ላይ የሚገለበጡበት ነው። እሱ አርቲስቲክ ጂምናስቲክ ይባላል። የእኛ ጉዳይ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ነው። እዚህ የሚንጠለጠሉበት ብረት የለም። 13 ሜትር በ13 ሜትር የሆነ ምንጣፍ አለ። ሙዚቃ አለ። አንዲት ልጅ አለች። በእጇ ደግሞ አንድ ዕቃ ይዛለች፦ ቀለበት፣ ኳስ፣ ጥንድ ዱላ ወይም ሪባን። ያላት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰውነቷንም ዕቃውንም አንድ ላይ ማናገር አለባት። ዕቃው ተይዞ የሚቆም ጌጥ አይደለም። መሽከርከር፣ መንከባለል፣ መወርወር፣ መቀለብ አለበት።

ዕቃዎቹ ሲታዩ የልጅ መጫወቻ ይመስላሉ። ኳሱ ግን ቢያንስ 400 ግራም ይመዝናል፤ ግንባር ላይ ቢያርፍ ቀልድ አይደለም። ሪባኑ 6 ሜትር ይረዝማል። የእህቴን ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካነው፤ አልበቃም። ያ ሁሉ ጨርቅ እስከ ጫፉ ድረስ እየተንቀሳቀሰ መቆየት አለበት። ከተቋጠረ ቅጣት አለ። ሰውነቷ ላይ ከተጠመጠመም ቅጣት አለ።

እዚህ ላይ የእህቴ ባል ጫቱን ይዞ ከጥጉ ገባ። "ይሄኮ ዳንስ ነው አቦ! ምኑ ነው ስፖርት?"

"ኳሷን ወደ ጣሪያ ወርውራት" አልኩት። "እሷ አየር ላይ እያለች ሁለት ጊዜ ተገልበጥ። ከዚያ ሳታያት ከጀርባህ ቅለባት። ያን ጊዜ ዳንስ ነው በለኝ።"

ሳቀና ወደ በርጫው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ግን ሰውዬው ጨርሶ አልተሳሳተም። ስፖርቱ የተወለደው ከዳንስ ቤት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ የሚባል የስዊስ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ ኖታ ያነባሉ፤ ምቱን ግን በሰውነታቸው አይሰሙትም። ስለዚህ አስነስቶ በሙዚቃው ልክ ያስኬዳቸው፣ ያስዘልላቸው ጀመር። በዚያው ዘመን አሜሪካዊቷ ኢሳዶራ ደንካን የባሌት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ መደነስ ጀመረች። ሰውነት እንደ ወታደር ሰልፍ ሳይሆን እንደ እስትንፋስ ይንቀሳቀስ የሚል ሐሳብ በየአገሩ ተዛመተ።

ሐሳቡን ወስደው ስፖርት ያደረጉት ሶቪየቶች ናቸው። በ1934 ሌኒንግራድ ውስጥ፣ በአካል ማጎልመሻ ተቋም ሥር፣ የጥበባዊ እንቅስቃሴ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሰብሳቢዎቹ የዳንስና የሙዚቃ ሰዎች ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በሶቪየት ኅብረት አገር አቀፍ ውድድር ሆነ። ዳንስ ሆኖ የኖረው ነገር ነጥብ የሚሰጠው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ ከዚህች ቅጽበት የሚነሳ ይመስለኛል። ውበትን በቁጥር ልለካ ካልክ፣ ቆጣሪው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ኦሎምፒክ ውስጥ ትንሽ ፍንጭ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በ1952 ሄልሲንኪና በ1956 ሜልቦርን አርቲስቲክ ጂምናስቲክ የሚወዳደሩ ሴቶች በቡድን ሆነው ዕቃ ይዘው የሚሠሩት አንድ ውድድር ነበራቸው። የመጀመሪያውን ስዊድን፣ ሁለተኛውን ሃንጋሪ ወሰዱ። ሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሎምፒክ ነው፤ ግን ያን ውድድር ከእኛ ሰዎች ገብቶ ያየ ካለ ይገርመኛል። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ተሰረዘ።

ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ሪትሚኩን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ የተቀበለው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1963 ቡዳፔስት ላይ ውድድር ተደረገ። የመጡት ጥቂት የአውሮፓ አገሮች ነበሩ። በኋላ ግን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ የተቆጠረው እሱ ነው። አሸናፊዋ የሶቪየቷ ሉድሚላ ሳቪንኮቫ ነበረች። በ1967 ኮፐንሃገን ላይ የቡድን ውድድር ተጨመረ፤ ያኔ ስድስት ልጆች በአንድ ላይ ነበር የሚሠሩት። ዛሬ አምስት ናቸው። ስሙም ዝም ብሎ አልጸናም። "ዘመናዊ ጂምናስቲክ" ተባለ፣ ሌላም ሌላም ተባለ፣ ኋላ ላይ "ሪትሚክ ጂምናስቲክ" ላይ ረጋ።

ከዚያ ቡልጋሪያ መጣች። ማሪያ ጊጎቫ በ1969፣ በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሦስተኛውን ከሶቪየቷ ጋሊማ ሹጉሮቫ ጋር ተካፍላ ነው። ቡልጋሪያ ትንሽ አገር ናት። እኛ ለሩጫ ያለንን ዓይነት ነገር እነሱ ለሪባን አላቸው ብትል አታጋንንም። በ1980ዎቹ በአሠልጣኝ ኔሽካ ሮቤቫ ሥር ያለፉትን ልጆች "ወርቃማዎቹ" ይሏቸዋል። ከነሱ አንዷ ቢያንካ ፓኖቫ በ1987 ቫርና ላይ፣ እዚያው አገሯ ውስጥ፣ በሠራቻቸው ዙሮች ሁሉ 10 ከ10 አገኘች። በሁሉም! ዳኛ ከዚህ በላይ የሚሰጠው አልነበረውም።

"እሺ፣ ሪባኑ የወደቀባትስ?" አለች ልጅቷ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ያልመጡትን ልንገርሽ" አልኳት።

እውነትም የዚህን ስፖርት ታሪክ ካልመጡት ሰዎች ጀምሮ ማንበብ ይቀላል። በ1975 የዓለም ሻምፒዮናው ማድሪድ ላይ ነበር። ስፔን ያኔ የፍራንኮ ናት። ሶቪየትና ቡልጋሪያ ሌሎችንም የምሥራቅ አገሮች ጨምረው ቀሩ። ወርቁን የምዕራብ ጀርመኗ ካርመን ሪሸር ወሰደች፤ በቡድን ጣሊያን አሸነፈች። ያን ዓመት ማን የተሻለ ነበር? የሚያውቅ የለም። መዝገቡ ላይ ያለው የመጡት ስም ብቻ ነው።

የዚህ ነገር ትልቁ ግን 1984 ነው። ሪትሚክ ጂምናስቲክ ከብዙ ልመና በኋላ ኦሎምፒክ ገባ። ቦታው ሎስ አንጀለስ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፖርቱን አሳድገው ያመጡት ሶቪየትና ቡልጋሪያ ናቸው፤ በ1983 የዓለም ሻምፒዮና ላይ የነገሡትም እነሱ ነበሩ። ድግሱ ሲደርስ ባለቤቶቹ ቀሩ! የሞስኮውን የ1980 ኦሎምፒክ አሜሪካ ቀርታበት ነበርና አሁን በተራዋ ሶቪየት አልሄድም አለች። ወዳጆቿም ተከተሏት። በዚያው ዓመት ቡልጋሪያ ውስጥ፣ ሶፊያ ላይ፣ የራሳቸውን ውድድር አደረጉ።

ከቀሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በእኛ ነሐሴ 1976 መሆኑ ነው። የደርግ ዘመን ነው፤ ሞስኮ ካልሄደች አዲስ አበባም አትሄድም። የእኛ ሯጮችና የቡልጋሪያ ባለ ሪባኖች በአንድ ምክንያት ቤታቸው ቀሩ። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ዓይኗ ፈጠጠ። "እኛም?" አለች። እኛም።

ሎስ አንጀለስ ላይ ከምሥራቁ ወገን የመጣችው ሮማኒያ ነበረች። የሮማኒያዋ ዶይና ስታይኩሌስኩ ወርቁን ትወስዳለች ተብሎ ተጠበቀ። ያሸነፈችው ግን ከአንድ ዓመት በፊት በዓለም ሻምፒዮና 23ኛ የወጣች ካናዳዊት ናት። ሎሪ ፈንግ ትባላለች። ውጤቱ 57.950 ለ57.900። ልዩነቱ 0.05 ነው። ሦስተኛ የምዕራብ ጀርመኗ ሬጊና ቬበር ሆነች።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያወራው ፈንግን ለማሳነስ ነው። እኔ አልስማማም። ውድድሩ በተባለው ቀን፣ በተባለው ቦታ ተደረገ። የመጣችው ሠራች። እሷ ማንንም አልከለከለችም። ደግሞ ለሮማኒያዋ በር ተከፍቶ ነበር፤ አልገባችበትም። ቢሆንም ስለ 1984 ሲወራ "ቡልጋሪያዎቹ ቢኖሩ ኖሮ" የማይል የለም። ሁለቱም እውነት ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ1976 ሞንትሪያል ላይ፣ አፍሪካ ስለ ደቡብ አፍሪካ ብላ በቀረችበት ጊዜ ሳይሮጥ ቀርቷል። አራት ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህን ሲጠቀልል ነው የዓለም ሰው የገባው። ለአንዲት የሪትሚክ ተወዳዳሪ ግን አራት ዓመት ማለት ዕድሜ ልክ ነው። ብዙዎቹ ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ሲሞላቸው ይጨርሳሉ። የ1984ቱን ያጣች ልጅ 1988ን የምትጠብቅበት ወገብ የላትም።

በ1988 ሴኡል ላይ ሶቪየትም ቡልጋሪያም መጡ። ኢትዮጵያ አሁንም ቀረች፤ የሰሜን ኮሪያን ወገን ይዛ ነው። እንግዲህ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ወደ ኦሎምፒክ የገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጊዜያት እኛ የሌለንባቸው ናቸው ማለት ነው። ለእኛ ሰው ስፖርቱ ባዳ ቢሆን አይገርምም። ሴኡል ላይ የሶቪየቷ ማሪና ሎባች ከ60 ነጥብ 60 አገኘች። አንዲት ነገር አላበላሸችም። ሁለተኛዋ ቡልጋሪያዊት አድሪያና ዱናቭስካ 59.950 ነበራት። ዳግመኛ 0.05!

ባርሴሎና 1992 ላይ ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ አገር በእልልታ ቀለጠ። በዚያው ኦሎምፒክ ሪትሚኩን ኦሌክሳንድራ ቲሞሼንኮ ወሰደች። ልጅቷ ዩክሬናዊት ናት። የምትወዳደርላት ሶቪየት ኅብረት ግን ከወራት በፊት ፈርሳለች። የቀድሞ ሶቪየት አትሌቶች በአንድ የጋራ ቡድን ስም፣ የኦሎምፒክን ባንዲራ ይዘው ነው የገቡት። ደራርቱ ባንዲራ ለብሳ ስትዞር፣ ያቺኛዋ ወርቅ ነበራት፤ የገባችበት ቡድን ግን የአገር ባንዲራ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አፍጥኜ ልለፈው። አትላንታ 1996፦ ወርቁ ለዩክሬኗ ካትሪና ሴሬብሪያንስካ፤ የቡድን ውድድርም ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባ፣ ስፔን አሸነፈች። ከ2000 እስከ 2016 ደግሞ ሩሲያ ብቻ። በግልም በቡድንም፣ አምስት ኦሎምፒክ፣ አሥር ወርቅ። ከነዚህ ሁለቱን በግል ያገኘችው ዬቭጌኒያ ካናዬቫ ናት፣ በ2008 እና በ2012። በግል ውድድር ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት እሷ ብቻ ናት።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ። የልጅቷ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው።

ሩጫ ሰዓት አለው። ሲድኒ 2000 ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ 27፡18.20 ለ27፡18.29። ቴርጋት ቢያዝንም የሚከሰው ሰው የለም። ሰዓት ዘመድ የለውም። በዚያው ሲድኒ ላይ የሩሲያዋ አሊና ካባዬቫ ወርቁ በእጇ ነው ሲባል ቀለበቱ አመለጣት። ከምንጣፉ ወጥቶ ተንከባለለ፤ ሮጣ ነው ያመጣችው። ሦስተኛ ወጣች። ወርቁን ዩሊያ ባርሱኮቫ ወሰደች። ይህም ግልጽ ነው፤ ዕቃው ወጣ፣ ተቀጣች። ችግሩ ግልጽ ያልሆነው ነው። የሰውነቷ መታጠፍ ስንት ያወጣል? ፈገግታዋስ? ከሙዚቃው ጋር አብራ ነበር ወይስ ትንሽ ቀድማ ነበር?

ይህን የሚወስነው ሰው ነው። ሰው ደግሞ አገር አለው። በዚያው በ2000 የአውሮፓ ሻምፒዮና ሳራጎሳ ላይ ነበር። የአትላንታ ነሐስ ባለቤት፣ የዩክሬኗ ኦሌና ቪትሪቼንኮ ሳይታሰብ ታች ወረደች። ጩኸት ሆነ። ፌዴሬሽኑ አጣርቶ ዳኞችን አገደ። አብረን ስንተማመን የኖርነው ነገር ሲላላ ይህን ይመስላል። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ፦ ካባዬቫና ኢሪና ቻሽቺና ሽንት የሚያሸና የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባቸው። የ2001 የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያዎቻቸው ተነጠቁ። የሻምፒዮንነቱ ማዕረግ ለዩክሬኗ ታማራ ዬሮፌዬቫ ሄደ። ካባዬቫ ግን ቅጣቷን ጨርሳ አቴንስ 2004 ላይ ወርቅ አገኘች።

ደንቡ በየአራት ዓመቱ የሚከለሰው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ድሮ ጣሪያው 10 ነበር። እነ ፓኖቫና እነ ሎባች ጣሪያውን ሲነኩት ከዚያ በላይ የምትሠራ ልጅ መለያ አጣች። ዛሬ ነጥቡ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ክብደት ነው፤ ምን ያህል ከባድ ነገር ሠራች የሚለው። ይሄ ጣሪያ የለውም፤ የቻለች ትጨምራለች። ሌላው ጥበብ፣ ሦስተኛው አፈጻጸም። እነዚህ ከ10 ተነስተው ስህተት በታየ ቁጥር ይቀነሳሉ። ዕቃ ወድቆ እዚያው ካነሳችው 0.5፣ አንድ ሁለት እርምጃ ከሄደች 0.7፣ ከዚያ በላይ ከሮጠች 1 ሙሉ ነጥብ ከአፈጻጸሟ ይጎድላል። በዚያ ላይ ልትሠራው የነበረው ከባድ እንቅስቃሴ ሳይቆጠርላት ይቀራል።

ጣሪያው ሲነሳ ጥሩ የሆነው ለሁሉም አይደለም። ነጥብ ለመልቀም ሲሉ ሩጫ የሚያበዙ፣ ሙዚቃውን ጭራሽ የማይሰሙ ሥራዎች አይቻለሁ። አንድ ሰሞን ደግሞ ሁሉም ነገር መታጠፍ ነበር። ወገብ እንደ ገመድ ካልተጠቀለለ አይቆጠርም። የአከርካሪ ሐኪም ያየው አይመስለኝም። አሁን ዕቃውን የመቆጣጠር ችሎታ ከፍ ብሏል። በ2013 ደግሞ ቃል ያለው ዘፈን ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ግጥም ያለው ሙዚቃ ክልክል ነበር፤ ከዚያም በፊት ፒያኒስት ዳር ተቀምጦ ይመታ ነበር። ገመድ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ከአዋቂዎች የግል ውድድር ወጥቷል። ይህን ስሰማ የተናደድኩት እኔ ነኝ። በልጅነቴ ከዚራ መንገድ ላይ በገመድ ዝላይ የሚበልጠኝ አልነበረም።

"ሪባኑ!" አለች ልጅቷ። ትዕግሥቷ አልቋል።

እሺ፣ ሪባኑ። ቪዲዮው የቶኪዮ ነው፤ 2020 የሚባለው፣ በኮሮና ምክንያት በ2021 የተደረገው። ልጅቷ ሊኖይ አሽራም ትባላለች፣ እስራኤላዊት ናት። ውድድሩ አራት ዙር አለው። በቀለበት 27.55፣ በኳስ 28.3፣ በዱላ 28.65 አገኘች። ሪባኑ መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ወደቀባት፤ 23.3 ተሰጣት። የአራቱ ድምር 107.8 ሆነ። ሁለተኛዋ ሩሲያዊቷ ዲና አቬሪና 107.65 አላት። ልዩነቱ 0.15 ነው። እንግዲህ አሸናፊዋ ያሸነፈችው በሪባኑ አይደለም፤ ሪባኑ እስኪመጣ በሦስቱ ዙር ባከማቸችው ስንቅ ነው። ስትጥለው ስንቁ ተመናመነ፣ ግን አላለቀም። ሪባን ላይ ደግሞ የሁሉም ነጥብ ከሌሎቹ ዕቃዎች ዝቅ ይላል፤ ከባድ ስለሆነ።

ሩሲያዎቹ አልተዋጠላቸውም። አቤት አሉ፣ ተቆጡ። ውጤቱ አልተቀየረም። በማግሥቱ በቡድንም ቡልጋሪያ አሸነፈቻቸው። ከ2000 ጀምሮ የቆየው አጥር በሁለት ቀን ፈረሰ። እኔ ቀጥታ ሳየው ለአቬሪናም አዝኛለሁ፤ ምንም አልጣለችም። ግን ደንቡ "ያልጣለ ያሸንፋል" አይልም። ድምሩ ነው የሚታየው።

ከዚያ ያለመምጣት ታሪኩ ተመለሰ። በ2022 ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ጦር ስታስገባ ፌዴሬሽኑ የሩሲያንና የቤላሩስን ተወዳዳሪዎች አገደ። ፓሪስ 2024 ላይ በዚህ ስፖርት ሩሲያ አልነበረችም። ወርቁን የጀርመኗ ዳርያ ቫርፎሎሜዬቭ ወሰደች። በዚህ ዘርፍ የጀርመን የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ልጅቷ የተወለደችው ሳይቤሪያ ውስጥ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው ጀርመን የሄደችው። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ላይ በግል የነበሩትን አምስቱንም ወርቆች ጠራርጋ ስለነበር "ሩሲያዎቹ ቢኖሩ" የሚለው ወሬ እሷ ላይ ብዙም አይጣበቅም። የቡድኑን ቻይና ወሰደች፤ ከአውሮፓ ውጭ የሄደ የመጀመሪያው የቡድን ወርቅ። በ2025 ሪዮ ላይ በቡድን አጠቃላይ ጃፓን አንደኛ፣ አስተናጋጇ ብራዚል ሁለተኛ ሆኑ። አዳራሹ እንደ ኳስ ሜዳ ነበር የሚጮኸው።

"አፍሪካስ የለችም?" ይህን የጠየቀው የእህቴ ባል ነው። ለካስ ሲሰማ ነበር።

አለች። ኦሎምፒክ ውስጥ ለየአህጉሩ የሚያዝ ቦታ አለ። የኬፕ ቨርዷ ዋኒያ ሞንቴይሮ አቴንስ 2004 እና ቤጂንግ 2008 ላይ ሠርታለች። ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ካላት የደሴቶች አገር! ግብፅ ደግሞ በቶኪዮም በፓሪስም በግልም በቡድንም ገብታለች። ወንዶችስ ብሎ ጠየቀ፤ በዓለም ሻምፒዮናውና በኦሎምፒኩ የሉም። ጃፓን ግን የራሷ የወንዶች ሪትሚክ አላት፤ ቡድኑ በአየር ላይ እየተገለበጠ በአንድ ልብ የሚያርፍበት። ብታዩት ይገርማችኋል።

የእኛ ከተማ ሰው ለዚህ ነገር ጨርሶ ባዕድ አይደለም እኮ። ድሬ ሰርከስ ታውቃለች። ቀለበት በወገቧ፣ በአንገቷ፣ በእግሯ የምታዞር፣ ወገቧን አጥፋ ጭንቅላቷን በእግሮቿ መሀል የምታወጣ ልጅ ያላየ የድሬ ሰው የለም። የሚለየው ዳኛው ነው። ሰርከስ ላይ ዱላ ቢወድቅ ሕዝቡ "አይዞሽ" ብሎ ያጨበጭባል፤ ልጅቷ ታነሳና ትደግመዋለች። እዚያ ግን ዳር የተደረደሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው 0.5 ይጽፋሉ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ተነሳች። ሪባኗን አመጣችና ሳሎኑ መሀል ቆመች። "እዪኝ" አለች። ክብ ሠራች፣ እባብ ሠራች፣ ወደ ላይ ወረወረችው። ቬንትሌተሩ ያዘውና ከመጋረጃው ጋር አጠላለፈው። በትልልቅ አዳራሾችም የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስ ሪባን እያበላሸ ተወዳዳሪዎች ያማርራሉ፤ ነገርኳት።

"እንግዲያው አጥፊልኛ" አለች።

ግንቦት ነው። ስምንት ሰዓት ነው። የእህቴ ባል ከበርጫው ቀና ብሎ አየኝ።

"ግቢ ሂጂና ሥሪ" አላት።